ኑፋቄ ሳሎናችን ገባ

ባለፈው ክረምት ከኮምቦልቻ ሁለት አሮጌ ስፒከር ገዝቼ መጣሁ። ሚኒባሱ ላይ የሦስት ሰው ሂሳብ ከፈልኩ፤ አንዱ የኔ፣ ሁለቱ የሳጥኖቹ። ፖርቶ መጋላ ላይ አይጫኑም ብዬ ድርቅ አልኩ። ረዳቱ "የንብ ቀፎ ነው እንዴ?" አለኝ። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ በየመታጠፊያው ሁለቱንም አቅፌ ነው የተጓዝኩት። እያንዳንዳቸው 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። ደሴ ስንደርስ ጉልበቴ በልዞ ነበር።

ክሊፕሽ ሄረሲ ይባላሉ፤ ቀጭኑንና መካከለኛውን ድምፅ በቀንድ፣ ማለትም በጡሩምባ፣ የሚያወጡ የአሜሪካ ስፒከሮች ናቸው። የሻጩ አባት በወጣትነታቸው አገሩን ለቆ ከሚሄድ ፈረንጅ ነው የገዟቸው። በ2014ቱ ጦርነት ቤታቸው ሲዘረፍ ቴሌቪዥኑም ፍሪጁም ሄደ። እነዚህ ብቻ ቀሩ። ዳንቴል ለብሰው፣ የአበባ ማስቀመጫ ተሸክመው፣ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ዘራፊው ኮመዲኖ መስለውት ይሆናል።

ሻጩ ከ20 ሺህ ጀመረ፤ በ14 ተስማማን። ዋጋውን ያስቀነሰልኝ የቀኟ ትዊተር ዝምታ ነው። (ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣዋን ማለቴ ነው፤ ሌላውን ትዊተር ለባለቤቱ እንተወው።) ቴስተር ይዤ ሄጄ ነበር። የግራዋን ስነካት ቆጠረች፤ የቀኟ ምንም አላለችም። ሽቦዋ ተቃጥሏል ማለት ነው። ትልቁን ባለ 12 ኢንች ስፒከር ደግሞ ጣቶቼን ዘርግቼ በቀስታ ገፋ አደረግኩት። ሲለቁት ቀስ ብሎ ተመለሰ። ሳጥኑ አየር አያስወጣም፤ ደህና ነው። ቶሎ ቢፈናጠር ኖሮ የጀርባው ክዳን ይተነፍሳል ብዬ ሌላ 2 ሺህ አስቀንስ ነበር።

ጓደኞቼ ሳቁብኝ። እኛ አገር የጡሩምባ ስፒከር ሲባል ሰው ትዝ የሚለው የሰርግ ዳስ፣ የማስታወቂያ መኪናና ሞንታርቦ ነው። "ሳሎንህ ውስጥ ቅስቀሳ ልትጀምር ነው?" አለኝ አንዱ። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልተሳሳተም። የሄረሲ መካከለኛውን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል፣ በድሮዎቹ ላይ፣ አትላስ የሚባል የአደባባይ ድምፅ ማጉያ አምራች የሠራው ነው። ልዩነቱ ፊቱ ላይ ያለው ቀንድና አጠቃቀሙ ነው።

ቀንዱ የሚሠራው እረኛ ከገደሉ ማዶ ሲጣራ እጁን አፉ ዙሪያ እንደሚያደርገው ነው። ትንሿ ስስ ሽፋን ብቻዋን ብትንቀጠቀጥ አየሩ ያመልጣታል። ከጠባብ ጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ ጉሮሮ ሲሰጧት ግን አየሩን በደንብ ትይዘዋለች። በትንሽ ኃይል ብዙ ድምፅ ይወጣል። የድሮው ሄረሲ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 96 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ይሰጣል ይላል ፋብሪካው። ብዙ ትንንሽ የመደርደሪያ ስፒከሮች 86 አካባቢ ናቸው። የ10 ዴሲቤል ልዩነት በኃይል ሲታሰብ 10 እጥፍ ነው። እነሱ 10 ዋት ሲጠይቁ የኔዎቹ በ1 ዋት ይግባባሉ።

ይሄ ለደሴ ሰው ምን ማለት እንደሆነ መብራት ሲጠፋ ይገባችኋል። መዳፍ የምታክል ማጉያ በ12 ቮልት የሶላር ባትሪ ላይ ሰክቼ ሌሊቱን ሁሉ እሰማለሁ። እኔን የገዛኝ ይሄ ነው። የድምፁ ጥራት በኋላ የመጣ ምርቃት ነው።

ወደ ጥገናው ልግባ። ጀርባቸውን ስከፍት ክሮስኦቨሩ (ድምፁን ለየስፒከሩ የሚያከፋፍለው ክፍል) ላይ ዘይት የተሞሉ የቆርቆሮ ካፓሲተሮች አገኘሁ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የዚያ ዘመን የዘይት ካፓሲተር አንዳንዱ ፒሲቢ የሚባል መርዝ አለበት፤ አሜሪካ በ1979 በአውሮፓ አቆጣጠር ማምረቱን የከለከለችው ነው። አትብሱት፤ የሚያንጠባጥብ ከሆነ በባዶ እጅ አትንኩት። የኔዎቹ ደረቅ ነበሩ። ግን የቀኙና የግራው ሲለኩ አልተስማሙም፤ ስለዚህ ወጡ።

በምትካቸው ምን ይግባ? ኢንተርኔት ላይ የአንድ በሬ ዋጋ የሚያወጣ ካፓሲተር የሚመክር ሞልቷል። የሰፈራችን ሬዲዮ ጠጋኝ ጋሼ ግን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ "አብሽር፣ የቬንቲሌተር ካፓሲተር ፈልግ" አሉኝ። ልክ ናቸው። የጣሪያ ቬንቲሌተር ውስጥ ያለው ዓይነት ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚሆን። ችግሩ፣ ደሴ ማን ቬንቲሌተር ይገዛል? ጦሳ ተራራ ስር ተቀምጠን ጋቢ እንጂ! ስለዚህ ተመልሼ ኮምቦልቻ ወረድኩ። እዚያ ሙቀት ስላለ ባለ 2 ማይክሮፋራዱ ሞልቷል። ባለ ሱቁን ስድስት አስወጥቼ በቴስተር ለካሁና በጣም የሚቀራረቡትን መረጥኩ። "ስንት ቬንቲሌተር አለህ?" አለኝ። አንድም የለኝም አልኩት።

ስህተቴን ደግሞ ልናገር። ለተቃጠለችው ትዊተር አዲስ የምትንቀጠቀጥ ሽፋን፣ ከነሽቦዋ፣ አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ በሰው ላከልኝ። አንድ ብቻ ነው ያስገዛሁት፤ ብር ለመቆጠብ። ገባች፣ ጮኸች፣ ደስ አለኝ። በማግስቱ ግን ዘፋኟ ወደ ቀኝ ጥግ ሸሽታ አገኘኋት። አዲሷ ከአሮጌዋ ጠራ ትላለች፤ ጆሮም ወደ እሷ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ነገር ጥንድ ጥንዱን ነው የሚገዛው።

ሳጥኑን አልነካሁትም። ጓደኛዬ በጥቁር ቀለም እንቀባው ብሎ ነበር፤ በሩን አሳየሁት።

የመጀመሪያው ቀን እናቴ የድሮ ካሴቷን አመጣች። አምባሰል ነው። ማሲንቆው ሲገባ ጭራው ክሩን ሲፈትግ ተሰማ፤ ያ ሻካራ ነገር፣ ከዜማው በፊት የሚመጣው። የካሴቱ ሽውታም አብሮ ተሰማ። ቀንድ ምንም አይደብቅም። ከበሮው ግን ሳሳ፤ ሄረሲ ወፍራም ድምፅ ላይ ደካማ ነው። ወደ ክፍሉ ጥግ ስገፋቸው ትንሽ ወፈረ። የኛ ቤት የጭቃ ነው፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ፤ ማስተጋባት የለውም። ወደ ጓደኛዬ ባለ ሴራሚክ ሳሎን ወስጄ ስሞክራቸው ግን ጆሮ በሱ።

"ስማቸው ማነው?" አለች እናቴ።

"ሄረሲ።"

"ምን ማለት ነው?"

ነገርኳት። ፖል ክሊፕሽ የሚባለው አርካንሳስ ውስጥ የነበረ መሐንዲስ በ1946 በአውሮፓ አቆጣጠር ክፍል ጥግ የሚቆም ትልቅ የቀንድ ስፒከር አውጥቶ ነበር፤ ወፍራሙ ድምፅ ሳይቀር በቀንድ የሚወጣ። በ1957 ይሄን ትንሹን ሲሠራ ግን ወፍራሙን ድምፅ ዝግ ሳጥን ውስጥ ከተተው። አንድ የሥራ ባልደረባው ይሄማ ኑፋቄ ነው አለው። ስሙ በዚያው ጸደቀ።

"ኑፋቄ?" አለች። አማተበች። ተነስታ ጓዳ ገባችና ነጭ ዳንቴል ይዛ መጣች። ሁለቱንም አለበሰቻቸው። በላያቸው የፕላስቲክ አበባ አስቀመጠች። አሁን ከበሮ በመጣ ቁጥር የግራው አበባ ይንቀጠቀጣል።

የአክስቴ ልጅ ለጥምቀት እመጣለሁ ብሏል። የግራዋን ሽፋን ሻንጣው ውስጥ አድርግልኝ ብዬዋለሁ። እናቴ ደግሞ በዚያው ሌላ ዳንቴል አዛዋለች።