የሻወር ቤቱን ኮርኒስ ከመዝጋታችን በፊት

የኮንዶሚኒየም ሻወር ቤታችን መሀል ላይ በተንጠለጠለች አንዲት አምፖል ነበር የሚበራው። መስታወት ፊት ስትቆሙ ብርሃኑ ከጀርባ ይመጣና ፊታችሁ ይጨልማል። የሻወሩ መጋረጃ ሲዘጋ ደግሞ ሳሙና ፍለጋ በዳበሳ ነው። ከላይኛው ፎቅ የሚወርድ ውሃ ኮርኒሱን ስላበላሸው መቀየሩ ግድ ሆነ። በዚያው ስፖት ላይት ለማስገባት ወሰንን።

አሮጌው ኮርኒስ ሲነሳ የጎረቤት ፍሳሽ ቱቦዎች ታዩ። ቱቦ፣ ጎሚቶ፣ መጋጠሚያ። ፍሳሹ ከተጠገነ በኋላ ሜትር ዘርግቼ የእያንዳንዱን ቦታ ወረቀት ላይ ነደፍኩት። የመብራቶቹን ቦታ ከሁሉም በላይ የወሰነው ይህ ንድፍ ነው። ለሻወር ቤት የሚሸጡ መብራቶች ላይ የአይፒ ቁጥር አለ፤ አቧራና ውሃ ምን ያህል እንደሚቋቋሙ የሚናገር ነው። አይፒ 44 ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውሃ ይችላል። አይፒ 65 ደግሞ አቧራ ጨርሶ አያስገባም፣ በግፊት የሚመጣ ውሃም ይቋቋማል። ግን ካርቶኑን በደንብ አንብቡ። ብዙዎቹ ቁጥሩ የሚሠራላቸው ከፊት፣ ማለትም ወደ ክፍሉ በሚያየው በኩል ብቻ ነው። ከላይ፣ ከጀርባቸው የሚንጠባጠብ ውሃ አይችሉም። ስለዚህ ከቱቦ መጋጠሚያ ሥር መብራትም ሆነ ድራይቨር (ለመብራቱ የሚስማማውን ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ትንሽ ሳጥን) አላስቀመጥንም። ከሻወሩ በላይ አይፒ 65፣ ለቀሪው አይፒ 44 ገዛሁ።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው «ወንድሜ፣ ስድስት በሁለት መስመር ካልሆነ አያምርም» አለኝ። ከታች ሆኖ ኮርኒሱን ለሚያይ ሰው እውነቱን ነው። እኔ ግን ሻወር ቤት ገብቶ ኮርኒስ የሚያይ ሰው የለም ባይ ነኝ። ሰው የሚያየው ፊቱን ነው። አራት ይበቃል አልኩ፤ ሁለቱ ለመስታወቱ፣ አንዱ ለሻወሩ፣ አንዱ ለሽንት ቤቱ በኩል።

ጂፕሰሙ ከመበሳቱ በፊት ሞከርነው። የእጅ ባትሪ ከብረት ፍሬሙ ላይ በሲባጎ አሰርንና ባለቤቴ መስታወቱ ፊት ቆመች። ባትሪው ልክ አናቷ ላይ ሲሆን ዓይኗ ሥር ጥቁር ጥላ ወረደ፣ አገጯም ጠፋ። ወደ መስታወቱ ግድግዳ ስንገፋው ጥላው ሳሳ። ከግድግዳው 30 ሳንቲም ሜትር ያህል ርቆ፣ ሁለት ሆኖ ከመስታወቱ ግራና ቀኝ ሲታሰር ፊቷ ወለል ብሎ ታየ። «እዚሁ ይሁን!» አለች። ምልክት አደረግን። ለዚህ ሙከራ የወጣ ገንዘብ የለም፤ እኔ ግን ከሥራው ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

የብርሃኑን ቀለም በተመለከተ፣ 6500 ኬልቪን ፊትን አመዳም ያደርጋል። 3000 ለማታ ደስ ይላል፤ ለመላጨትና ለመኳኳል ግን ቢጫነቱ ይበዛል። 4000 ወሰድን።

አሁን ስለ ኤሌክትሪኩ። ሠፈሩ መብራት ሲጠፋ «ጥሩ አጋጣሚ ነው፣ ቶሎ እንሥራ» የሚል ባለሙያ ያጋጥማችኋል። በፍጹም እንዳትፈቅዱ! መብራቱ መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። መብራት በሌለበት ሰዓት ቴስተርም ምንም አይነግራችሁም። እኛ መብራት እስኪመጣ ጠበቅን፣ ብሬከሩን አጠፋን፣ ከዚያ ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በቴስተር አረጋገጥን። አንድ ሰው ቆጣሪው ጋ እንዲቆምም አደረግን፤ ቤት ውስጥ ልጅ አለ፣ እንግዳ ይመጣል፣ ማን እንደሚያበራው አይታወቅም።

ለመብራቶቹ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከነግራውንዱ ተዘረጋ። የውሃ ማሞቂያው የራሱ ብሬከር አለው፤ አልነካነውም። ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል እዚህ የተለመደ ነው። እንፋሎት ባለበት ክፍል ግን የናስትሮው ሙጫ ይለቃል። እያንዳንዱ መገናኛ በብሎን በሚጠብቅ ማያያዣ ታስሮ ክዳን ያለው ሳጥን ውስጥ ገባ። በዚያው አጋጣሚ 30 ሚሊ አምፔር ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ውጭ ሲያፈስ የሚቆርጥ፣ ሰው በኤሌክትሪክ እንዳይያዝ የሚከላከል ብሬከርም አስገጠምኩ። ገንዘብ ካጠራችሁ ከመብራቱ ቀንሱና ይህን ግዙ።

ጂፕሰሙ እርጥበት የሚቋቋመው አረንጓዴው ነው። ቀዳዳዎቹን ካርቶኑ ላይ በተጻፈው ልክ፣ በክብ መጋዝ በሳናቸው። ከቱቦው መጋጠሚያ ሥር የሚከፈት በር ተውን፤ የላይኛው ፍሳሽ አንድ ቀን መልሶ ማንጠባጠቡ አይቀርም። ከመዝጋታችን በፊት ሜትሩን ፍሬሙ ላይ ዘርግቼ ፎቶ አነሳሁ፣ ሽቦው በየት እንደሚያልፍ በኋላ ለሚመጣ ሠራተኛ ማሳየት እንድችል። አንድ ትርፍ መብራትም ከነድራይቨሩ ገዝቼ አስቀምጫለሁ። መርካቶ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ዓይነት ማግኘት ዕድል ነው።