የበቅሎ ፕሮፎርማ

በክፍላችን ኮሪደር ሳልፍ «ፕሮፎርማ፣ እንዴት አደርክ?» የሚለኝ ሰው ዛሬም አይጠፋም። አዲስ የተቀጠሩት ልጆች የአያቴ ስም ይመስላቸዋል። ስሙን ለራሴ ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ በ2010 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ሰው ተሰልፎ እያለ «በቅሎ ፕሮፎርማ የላትም!» ብዬ የጮኽኩ ዕለት።

ጣጣው የመጣው የምርምር ገንዘብ ካገኘሁ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት ማመልከቻ ስጽፍ ከረምኩ። ስቶክሆልም ያለው ዓለም አቀፍ የሳይንስ ፋውንዴሽን እንደ እኔ ላሉ ጀማሪዎች አነስተኛ የምርምር ገንዘብ ይሰጣል ሲባል ጻፍኩ፤ አልቀናኝም። ጣሊያን፣ ትሪየስቴ ያለው የዓለም የሳይንስ አካዳሚ የምርምር ድጋፉ ያኔ ለመሠረታዊ ሳይንስ ነበር፤ የሥነ ምግብ መምህር እዚያ ምን ይሠራል? በየዓመቱ በሆቴል አዳራሽ ከሚሰጠን የፕሮፖዛል አጻጻፍ ሥልጠና ግን ቀርቼ አላውቅም።

አሠልጣኙ የራሳችን ባልደረባ ነው። ከእርሱ የተማርኩትን አልክድም። የአውሮፓ ኅብረት የምርምር ማመልከቻ የሚዘጋው በብራስልስ ሰዓት 17፡00 ላይ መሆኑን፣ ይኸውም እነርሱ ሰዓታቸውን ወደፊት በሚገፉባቸው ወራት በእኛ ምሽት 12 ሰዓት፣ በሌላው ጊዜ 1 ሰዓት እንደሚሆን የነገረን እርሱ ነው። የአሜሪካ መንግሥትን ገንዘብ የሚፈልግ ተቋም በመንግሥቱ መዝገብ ያለውን ምዝገባ በየዓመቱ ማደስ እንዳለበት፣ የአገሪቱ ብሔራዊ የጤና ተቋም ከአገሩ ውጭ ላለ ተቋም ለአስተዳደር ወጪ ያኔ ያስብ የነበረው 8 በመቶ ብቻ መሆኑንም እንዲሁ። ገንዘብ እንዴት እንደሚገኝ ሁለት ቀን ሙሉ ሳይደክመው ያስረዳል። እርሱ ራሱ ያገኘውን ገንዘብ ያየ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ስለ ሒሳብ ማወራረድ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ከየት ያውቀዋል?

በመጨረሻ 12,000 ዶላር የሰጠኝ ከእነዚህ ሁሉ ያልሆነ ሌላ የውጭ ድርጅት ነው። ጥናቱ የጨው ነበር። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ የምግብ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ታዟል። ታዲያ ከአፋር፣ ከአፍዴራ የመጣ ጨው ጃን አሞራ ተራራ ላይ ወጥ ውስጥ እስኪገባ አዮዲኑ ምን ያህል ይተርፋል? እርጥበትና ሙቀት ያባክኑታል፤ እናቶቻችን ደግሞ ጨው የሚያስቀምጡት ምድጃ ዳር ነው። ከየቤቱ ሁለት ማንኪያ ጨው ለመሰብሰብ እኔና ሁለት መረጃ ሰብሳቢዎች በየካቲት ወጣን። ደባርቅን አለፍን፤ ከመካነ ብርሃን ወዲያ መኪናው በቃኝ አለ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የበቅሎ ነው።

ሦስት በቅሎ፣ ዘጠኝ ቀን፣ ለአንዷ በቀን 200 ብር። ስንመለስ ለባለበቅሎው 5,400 ብር ቆጥሬ ሰጠኋቸው። ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ አሻራቸውን አኖሩ፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር ማኅተም መታበት። ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ከጨው ናሙናው የበለጠ ተጠነቀቅኩለት።

የምርምር ሒሳብ የያዙት ባለሙያ በዕድሜ ታላቄ ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ወረቀቱን ገልበጥ፣ መለስ አደረጉት።

«ይህ ምንድን ነው መምህር?»

«የበቅሎ ኪራይ።»

«ደረሰኙስ?»

«ይኸው አሻራ፣ ይኸው ማኅተም።»

«የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የለውም። ኪራይም ግዥ ነው፤ ሦስት ፕሮፎርማ የታለ?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቀድሜ ተናግሬያለሁ። ያልተናገርኩት፣ ከመጮኼ በፊት ያልኩትን ነው። «እትዬ፣ በአሞሌ ዘመን ቢሆን ከናሙናዬ ከፍዬ እመጣ ነበር» ብዬ ነበር። በዚህ አገር ጨው ራሱ ገንዘብ ሆኖ ኖሯልና ለቦታውም ለጥናቱም የምትስማማ ጨዋታ መስላኝ ነበር። ማንም አላስታወሳትም። ሰው የያዘው የጮኽኩትን ብቻ ነው። እትዬ አንድ ነገር ሊሉኝ እጃቸውን አነሡ፤ እኔ በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ።

ቀጥዬ ያደረግኩትን ሁሉ ዛሬ ባላደርገው እመርጣለሁ። ለበላይ አካል ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። በዚያው ግለት ገንዘቡን ለሰጠው ድርጅትም ጻፍኩ፤ «እናንተ የሰጣችሁኝን ገንዘብ በተራራ ላይ ማውጣት ተከለከልኩ» የሚል ነገር ነው። መልሱ በማግስቱ መጣ፤ ሦስት መስመር። እኛ የምንቀበለው የተቋማችሁ ደንብ የሚቀበለውን ማስረጃ ነው፣ መልካም የምርምር ጊዜ። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች እንደሚባለው ሆነብኝ፤ በኋላ ሳስበው ግን መልሱ ልክ ነበር፤ የተሳሳተው ጥያቄዬ ነው። የሁለተኛው ዙር ክፍያ ሒሳብ ስላልተወራረደ ታገደ። ከሚያዝያ ጀምሮ በሁለት ወር ከደመወዜ 2,700፣ 2,700 ብር ተቆረጠ።

ይሄኔ ለባለበቅሎው በልጃቸው ስልክ ደወልኩ።

«አባቴ፣ ሦስት ሰው ለየብቻው የበቅሎ ዋጋ የጻፈበት ወረቀት ይላኩልኝ።»

«ከከፈልከኝ በኋላ?»

«አዎ።»

ረጅም ዝምታ ሆነ። «ጌታዬ፣ ጤናህ ደህና ነው?» አሉኝ።

ሦስቱ ወረቀቶች በደባርቅ አውቶቡስ መጡ። ይዤ ሒሳብ ክፍል ወረድኩ። እትዬ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ደርድረው መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ሦስቱንም የጻፋቸው አንድ እጅ ነው።»

«በአገሩ ጸሐፊው አንድ ደብተራ ነው» አልኩ። ይህችስ እውነት ነበረች።

«አያለሁ። ‹በግንቦት ልደታ ማግስት› ይላል። ጉዞው በየካቲት፣ ዋጋ ማቅረቢያው በግንቦት! በቅሎዎቹ የተጫረቱት ቤታቸው ገብተው ካረፉ በኋላ ነው?»

የምለው አጣሁ። እርሳቸው ግን ወደ ቁጥሩ ወረዱና ፊታቸው ተለወጠ። እስከዚያች ደቂቃ «እርስዎ» ነበርኩ፤ ድንገት «አንተ» ሆንኩ።

«ቆይ አንተ፣ ለሦስቱም ሁለት መቶ ሁለት መቶ ነው የከፈልከው?»

«አዎ።»

«ሦስቱም የኮርቻ ነበሩ?»

«አንዷን በየተራ ተቀመጥንባት። ሁለቱ ጨውና ጓዝ የጫኑ ናቸው።»

«ለጭነት በቅሎ የኮርቻ ዋጋ! እኔ የዳባት ልጅ ነኝ፤ አባቴ ያሳደጉኝ በቅሎ እያከራዩ ነው። ለጭነቷ ከ120 በላይ የሚከፍል ቱሪስት ነው።» እርሳሳቸውን አንሥተው በራሴ ወረቀት ጀርባ ላይ አባዙ። «1,440 ብር ተበልተሃል።»

በሁለት ወር ውስጥ ሰው ብዙ ነገር ብሎኛል፤ እንደዚህ ግን ያሳፈረኝ የለም። ደንብ እጠብቃለሁ ብለው ያስቸገሩኝ ሴት መሰሉኝ እንጂ፣ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ስለ በቅሎ የሚያውቁ ብቸኛዋ ሰው መሆናቸውን ማን ነገረኝ?

«ታዲያ ምን ይሻላል እትዬ?»

«መጀመሪያ ተቀመጥ።»

እስከዚያ ቀን ያን ወንበር ለጃኬት ማስቀመጫ ብቻ የሚያውሉት ይመስለኝ ነበር። ተቀመጥኩ። ለካስ ደረሰኝ የሚሰጥ ነጋዴ በሌለበት አካባቢ የተጓዙት ሰዎች ቃለ ጉባኤ ይዘው ይፈራረማሉ፤ ቀበሌው የአካባቢውን ዋጋ በጽሑፍ ያረጋግጣል፤ ያ በቂ ነው።

«ይህን በመጋቢት ለምን አልነገሩኝም?»

«ልነግርህ እጄን አንሥቼ ነበር፤ በሩ ተዘጋ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ነው ነገሩ።»

ቃለ ጉባኤው በሳምንቱ ተፈረመ፣ የቀበሌው ደብዳቤም መጣ፣ የታገደው ክፍያ ተለቀቀ። ከደመወዜ ከተቆረጠው የተመለሰልኝ ግን 3,960 ብር ነው። ደንቡ የአካባቢ ዋጋ ይላል፤ የአካባቢው ዋጋ ደግሞ ለኮርቻዋ 200፣ ለጭነቷ 120 ሆኖ ጸደቀ። እትዬ ቅን ሰው ናቸው፤ ረድተውኛል፤ በየበዓሉ ቤታቸው እሄዳለሁ። 1,440 ብሬን ግን አልረሳሁም። የዳባት ልጅ መሆናቸው ለአንድ ቀን ቢዘነጋቸው ምን ነበር?

ባለፈው ሥልጠና አሠልጣኛችን አንድ ፎቶ ግድግዳው ላይ አወጣ። በጃን አሞራ ገደል አፋፍ የቆመች በቅሎ ናት፣ ከላይዋ «የስኬት ተሞክሮ» የሚል ርዕስ አለባት። ከእኔ ሪፖርት የወሰዳት መሆኑን አልተናገረም። ስለ ቃለ ጉባኤውም፣ ስለ ደመወዜም አልተናገረም። እኔም እጄን አላወጣሁም፤ የጭነቷ በቅሎ መሆኗን ግን አይቻለሁ።

ዘንድሮ ሌላ ማመልከቻ አስገባሁ። ከማስገባቴ በፊት በጀቱን ያየው የምርምር ኮሚቴ ሳይሆን እትዬ ናቸው። የኮርቻና የጭነት በቅሎ በየመደባቸው ለይተው ጻፉ፤ ከሥርም «መኖ» የሚል መስመር ጨመሩ፤ «ዘጠኝ ቀን ጦሟን ልታውላት ነው?» ብለው። ከሁለት ወር በኋላ የገምጋሚው አስተያየት መጣ። ዘዴውን ወደደው፣ ናሙናውን ወደደው፤ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በኮርቻ በቅሎና በጭነት በቅሎ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው፣ ዋጋቸውስ ለምን ይለያያል?

ወረቀቱን አትሜ ሒሳብ ክፍል ወረድኩ። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ፈገግ አሉና ወንበሩን በእጃቸው አሳዩኝ።

«ተቀመጥ» አሉኝ።