ትንኝ ፍለጋ፦ ከሐዋሳ ወደ ወንዶ ገነት

ክረምቱ እንደወጣ፣ ሐዋሳ የሚሠሩ አንድ የነፍሳት ተመራማሪ ለናሙና ወደ ወንዶ ገነት ሲወጡ አብሬያቸው እንድሄድ ስለፈቀዱልኝ፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቼ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ በኩል ሐዋሳ ገባሁ። የተቀጣጠርነው ሐይቁ ዳር ባለው አሞራ ገደል ነበር። ከዓሣ ገበያው ጫጫታ ትንሽ ራቅ ብለን ቡና ስንጠጣ፣ ከበላያችን ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘሉ ነበር፤ ተመራማሪውም ወደ እነርሱ እያመለከቱ፣ የትንኝ ቫይረሶች ታሪክ ያለ ዝንጀሮና ጦጣ እንደማይነገር አጫወቱኝ።

እ.ኤ.አ. በ1947 በኡጋንዳ፣ በኢንቴቤ አቅራቢያ በሚገኘው የዚካ ደን፣ በትንኝ የሚተላለፈውን የቫይረስ በሽታ፣ ቢጫ ወባን፣ የሚከታተሉ ሳይንቲስቶች ትንኝ እንዲነክሰው ዛፍ ላይ በተሠራ መደብ ያስቀመጡት ጦጣ አተኮሰው። ከደሙ የወጣው ግን የሚጠብቁት ቫይረስ ሳይሆን ማንም የማያውቀው ነበር፤ በዓመቱ ደግሞ ያው ቫይረስ ከዚያው ደን ትንኞች ተገኘ። ዚካ የተባለው ቫይረስ ስሙን ያገኘው በዚህ አኳኋን ነው። ቢጫ ወባ ራሱ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በተነሣው ወረርሽኝ ወደ 30,000 የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ እ.ኤ.አ. በ2018ም ከሐዋሳ ብዙ በማይርቀው ወላይታ እንደገና ታይቷል።

ወንዶ ገነት የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ፍል ውሃውን ለማየት ጊዜ ስላልነበረን በቀጥታ ደኑ ከእርሻ ጋር ወደሚዋሰንበት ዳርቻ ወጣን። እዚያ አንዲት አዛውንት የእንሰት ጓሮአቸውን ፈቀዱልን። ተመራማሪው የአንዱን እንሰት ቅጠል ዘንበል አድርገው፣ ቅጠሉ ከግንዱ ከሚገናኝበት ስርጉድ ውስጥ በፕላስቲክ መምጠጫ ውሃ ቀዱና ነጭ ሳህን ላይ አፈሰሱት። ቡናማው ውሃ ሲረጋ፣ ከጥፍር ጫፍ የማይበልጡ እጮች እየተጥመዘመዙ ወደ ላይ ሲወጡና ተመልሰው ሲሰምጡ አየሁ። በኢትዮጵያ ቢጫ ወባን በማስተላለፍ ስሙ የሚነሣው ኤደስ ሲምፕሶኒ የሚባለው የትንኝ ወገን የሚራባው እንዲህ ባለ፣ ቅጠል ባቆረው ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ኩሬ ማፋሰስና ረግረግ ማድረቅ ብቻውን እዚህ አያዋጣም፤ ውሃው ያለው ቤተሰቡን ከሚመግበው ተክል ላይ ነው።

ወጥመዱ ቀላል ዕቃ ነው፦ ትንሽ አምፖል፣ ከሥሩ በባትሪ የሚሽከረከር ማራገቢያ፣ ከዚያ በታች የመረብ ከረጢት። ትንኝ ሰውንና እንስሳን የምታገኘው ከምንተነፍሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጭምር ስለሆነ፣ ስኳርና እርሾ በውሃ የተበጠበጠበት፣ ይህንኑ አየር የሚያወጣ ጄሪካን አጠገቡ ይቀመጣል።

አዛውንቷ ጄሪካኑን አሽትተው፣ «ልጄ፣ ጠጅ ልትጥል ነው እንዴ?» አሉ።

«የለም እናቴ፣ ቢምቢዋ ሰው አለ ብላ እንድትመጣ ነው።»

ሳቁብን፤ እውነት ለመናገር የሚያስቅም ነው።

በማግስቱ ማለዳ ከረጢቶቹ በበረዶ ሣጥን ውስጥ ገቡ። ትንኞቹ በቅዝቃዜ ሲደነዝዙ፣ ተመራማሪው በማጉያ መነጽር እያዩ በወረንጦ በየዝርያው ለዩአቸው፤ አንቴናው የተንጨፈረረው ወንዱ ስለሆነና ወንዱ ደም ስለማይመጥ ወደ ጎን ይደረጋል፤ እግሯ ላይ ነጭ ቀለበት ያላት ኤደስ ለብቻዋ ትቀመጣለች። የቫይረሱ የዘር መረጃ ያለበት አር.ኤን.ኤ ቶሎ ስለሚፈርስ ትንኞቹ የገቡባቸው ቱቦዎች ሳይውሉ ሳያድሩ ፈሳሽ ናይትሮጅን ወደያዘው ታንክ ይገባሉ። ቤተ ሙከራ ሲደርሱ ተፈጭተው፣ ከፊሉ፣ ቫይረስ ካለ እንዲባዛ፣ እዚያው በሚራቡ የትንኝ ሕዋሳት ላይ ይፈሳል፤ ከፊሉ የቫይረስን የዘር መረጃ አብዝቶ በሚለየው በፒ.ሲ.አር. ይመረመራል። አዲስ ቫይረስ ማግኘት የሚባለው ትልቅ ነገር አብዛኛው ክፍሉ ይኸው የወረንጦና የበረዶ ሥራ መሆኑን ሳላይ አላምንም ነበር።

ወደ ሐዋሳ ስንመለስ ያወራነው በኮትዲቯር፣ በታይ ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ ስለተሠራው ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ትንኝ የሰበሰቡት ካልተነካው ደን ጀምረው በቡናና በካካዎ እርሻ በኩል እስከ መንደር ድረስ ነበር። ካገኟቸው 49 ቫይረሶች 34ቱ ከዚያ በፊት የማይታወቁ ነበሩ። ከዚያው ናሙና ቀደም ሲል የተለየው የካቫሊ ቫይረስ፣ ኮሮና ቫይረሶች ከሚመደቡበት ሰፊ የቫይረስ ቡድን ሆነው በነፍሳት ውስጥ ከተገኙት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ ሰውን ግን አያሳምምም። እንዲህ ካሉት ቫይረሶች ብዙዎቹ ከትንኝ ውጪ መባዛት አይችሉም፤ ስለዚህ «አዲስ ቫይረስ ተገኘ» የሚል ዜና በተሰማ ቁጥር መደናገጥ ተገቢ አይመስለኝም። እኔን የያዘኝ ሌላው ቁጥር ነው፤ ኩሌክስ ኔቡሎሰስ የተባለችው ትንኝ ባልተነካው ደን ከተያዙት ትንኞች 3 በመቶ ብቻ ስትሆን፣ በተመነጠረው አካባቢ 38 በመቶ ደርሳለች። እርሷ የምትሸከማቸው ቫይረሶችም አብረዋት በዙ፤ የበዙት ግን እያንዳንዷ ትንኝ ከበፊቱ ይልቅ ስለተያዘች ሳይሆን ትንኟ ራሷ ስለበዛች ነው።

ተመራማሪው ወንዶ ገነት ላይ ወጥመዶቹን በደኑ ውስጥ፣ በዳርቻውና በጓሮው የሰቀሉት ይህንኑ ለማነጻጸር ነው። ከመሄዳችን በፊት አዛውንቷ፣ «እንሰቴን ንቀዪ ልትሉኝ ነው?» ብለው ጠይቀው ነበር። እንደማይባሉ፣ ለቢጫ ወባ አንዴ ከተወጉት ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ክትባት እንዳለ ተመራማሪው ነገሯቸው። እርሳቸውም ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ ጦጣዎቹ በቆሎ ሊሰርቁ የሚወርዱት በላይ ሳይሆን በታች፣ በወንዙ በኩል መሆኑን በእጃቸው አሳዩን፤ ተመራማሪውም ለቀጣዩ ጉዞ የዳርቻው ወጥመድ የሚሰቀልበትን ቦታ ማስታወሻቸው ላይ ሰርዘው በዚያ በኩል ጻፉት።