ወደ ቤርሳቤህና ወደ አራድ ጉብታዎች

ነቢዩ አሞጽ ሕዝቡ ወደ ቤቴልም ሆነ ወደ ቤርሳቤህ እንዳይሄድ ያስጠነቀቀበትን ምዕራፍ በቦርሳዬ ይዤ ወደ ቤርሳቤህ መጓዜ ለወዳጆቼ መሳቂያ ሆኖላቸው ነበር። ከአውቶቡስ ጣቢያ የጥንቷ ከተማ ፍርስራሽ ወዳለበት ጉብታ የወሰደኝ ባለታክሲ ቆጣሪውን ሳያበራ 80 ሼክል ተቀበለኝ፤ በመመለሻዬ ሌላው ለዚያው መንገድ 45 ብቻ ስላስከፈለኝ ንዴቴ እስከ ማታ አልበረደም።

ለማየት የጓጓሁት መሠዊያውን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቁፋሮ ሲካሄድ በአንድ መጋዘን ግድግዳ ውስጥ ከተራው ድንጋይ ጋር የተገነቡ፣ በጥንቃቄ የተጠረቡ ድንጋዮች ተገኙ፤ ሲገጣጠሙም አራት ቀንድ ያለው መሠዊያ ሆኑ። ዋናው ኢየሩሳሌም በእስራኤል ሙዚየም ስለሚገኝ በጉብታው ላይ የቆመው አምሳያው ነው። ብዙ ተመራማሪዎች መፍረሱን የይሁዳው ንጉሥ ሕዝቅያስ ከኢየሩሳሌም ውጭ የነበሩትን መሠዊያዎች ካስወገደበት ተሐድሶ ጋር ያያይዙታል፤ በዘመኑ ላይ የሚከራከሩም አሉ። እኔን የገረመኝ ግን መጋዘኑ ነው፤ መሥዋዕት ያረገበት ድንጋይ የእህል ቤት ግድግዳ ሊሆን ይችላል። አሞጽ የቤቴል መሠዊያ ቀንዶች ተቆርጠው ይወድቃሉ ሲል ነፍሱን ለማዳን የሚሸሽ ሰው የሚጨብጠውን መማፀኛ መንሣቱ ነበር፤ ድሀውን በበር የሚገፋ ሕዝብ በቦታው ቅድስና ሊጠለል አይችልምና። ኤርምያስም በመቅደሱ በር ቆሞ፣ የቀድሞው መቅደስ ወደ ፈረሰባት ሴሎ ሂዳችሁ ያደረግሁትን እዩ የሚለውን የእግዚአብሔርን ቃል ሲናገር ከዚህ የተለየ አላለም።

ሌሊቱን የማቀዝቀዣው ጩኸት እንቅልፍ ነሥቶኝ አደርሁ።

በማግሥቱ ዓርብ ወደ አራድ ሄድሁ። በምሽጉ ውስጥ ያለው የይሁዳ ዘመን መቅደስ አደባባይ፣ አዳራሽና ትንሽ ቅድስተ ቅዱሳን ስላለው ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ለለመደ ዓይን እንግዳ አይደለም፤ ጎብኚዎች ጫማቸውን እንዳደረጉ እየተራመዱበት ፎቶግራፍ ሲነሡ ማየቴ ግን ሆዴን አሻከረው። በቅድስተ ቅዱሳኑ ደጃፍ የነበሩት ሁለት የዕጣን መሠዊያዎች በጎናቸው ተጋድመው ተቀብረው ነው የተገኙት።

ከዚያ ወጥቼ አውራ ጎዳናው ላይ ብቆም ሰንበት ሊገባ ነውና አውቶቡስ ቀርቷል። በፀሐይ ከተንገላታሁ በኋላ አንዲት መኪና ቆመችልኝ፤ ወጣቱ ሹፌር ከእናቱ ጋር ነበር፤ እናቱም ፊቴን አይተው በአማርኛ፣ «ግባ ልጄ፣ በዚህ ሐሩር ምን ትሠራለህ?» አሉኝ። ከጎንደር ገጠር የመጡ ቤተ እስራኤል ናቸው። ጉብታ ለጉብታ የምዞርበትን ምክንያት ስነግራቸው ስለ በዓላቸው ስለ ስግድ አወሩልኝ፤ ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው ተራራ ሲወጡ ሕዝቡ እየጾመ ይከተላል፣ ፊቱን ወደ ኢየሩሳሌም አዙሮም ይሰግዳል።

እኔም በሕዝቅኤል መጽሐፍ እግዚአብሔር ለተሰደዱት በሄዱባቸው አገሮች እርሱ ራሱ መቅደስ እንደ ሆነላቸው መናገሩን አነሣሁ፤ ከድንጋዩ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ ይህ ነው።

«ተራራው በሌላው ቀን የከብት መሰማሪያ ነበር» አሉኝ። «እኔም ልጅ ሳለሁ ፍየል ጠብቄበታለሁ።»

ገንዘብ ባወጣ ተቆጡኝ። ልጃቸው ሰንበት ሳይገባ ቤቱ ለመድረስ ስለ ቸኮለ ከቤርሳቤህ ከተማ መግቢያ ላይ አወረደኝ፤ ቀሪውን በእግሬ ሄድሁ።