በጽሑፍ ሮልፕሌይ ሰውን እንዴት እንደማንቀሳቅስ

ከጓደኞቼ ጋር ቴሌግራም ላይ ሮልፕሌይ እንጽፋለን። አንዱ በራሱ ገጸ ባሕርይ ጥቂት መስመር ይጽፋል፣ ሌላው በራሱ ይመልሳል፣ ታሪኩ እንዲህ እየተቀባበለ ይሄዳል። የኛ ታሪክ ከፒያሳ እስከ ለገሃር ባለው ሰፈር ውስጥ ነው። እኔ በጣም የምወደው ሰዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ የሚያደርጉትን መጻፍ ነው።

ብዙ ሰው ከውጭ ፊልም የለመደውን ይጽፋል፦ ትከሻ መስበቅ፣ ዓይን ማዞር፣ በጣት ጠረጴዛ መምታት። እኔን የጠቀመኝ ወጥቶ ሰው ማየት ነው። ፒያሳ ያለው ቶሞካ ቡና ቤት ውስጥ ቡና የሚጠጣው ቆሞ ስለሆነ የሰው ሁለመናው ይታያል። ማን ክብደቱን አንድ እግሩ ላይ እንደጣለ፣ ማን ቡናውን ጨርሶም ስኒውን እንዳላስቀመጠ፣ ማን እያወራ በሩን በሩን እንደሚያይ። ስልኬ ላይ እይዘዋለሁ።

ደግሞ የራሳችን ምልክቶች አሉ። አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ "እህ" ብሎ መስማማት፣ ከንፈር መምጠጥ፣ ለትልቅ ሰው ከወንበር ብድግ ማለት። ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። በተለይ ሲጎድሉ ኃይል አላቸው፤ ሁልጊዜ ትከሻ ለትከሻ ተጋጭተው ሰላም የሚባባሉ ሁለት ጓደኛሞች አንድ ቀን እጅ ብቻ ከተጨባበጡ፣ መቀያየማቸውን መጻፍ አያስፈልግም፣ አንባቢው ገብቶታል።

ይሄ በቅርቡ የጻፍኩት ነው፦

"አጎቷ ሲገባ ሰናይት ብድግ አለች። ቀኝ ክንዷን በግራዋ ደግፋ እጇን ዘረጋች። ዓይኗ ግን ከማኪያቶው ላይ አልተነሳም።"

እዚያው ላይ ተውኩት። አጎትየው የጓደኛዬ ገጸ ባሕርይ ነው። እጇን ይጨብጥ፣ ቆሞ ይያት፣ ወይ "ምን ሆነሻል?" ይበል፣ የሱ ድርሻ ነው። "አጎቷ ተናዶ ተቀመጠ" ብዬ ብጨምር ተራውን ቀማሁት ማለት ነው። ለኔ አንድ ፖስት የሚያልቀው ሌላው ሰው የሆነ ነገር ማድረግ ግድ የሚሆንበት ቦታ ላይ ነው፤ ይሄን ከያዛችሁ "ስንት መስመር ልጻፍ?" የሚለው ጥያቄ ግማሹ ተመለሰ።

የቀረው ግማሽ ፍጥነት ነው። ጠብ ላይ ሁለት መስመር ይበቃል። በጭቅጭቅ መሀል ስለ ኮት ቀለም አንቀጽ የሚጽፍ ሰው ንዴቱን ያበርደዋል። መንገድም እንደዚሁ ነው፤ ምንም የማይፈጠር ከሆነ የቸርችል ጎዳናን ቁልቁለት ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር በአንድ ዓረፍተ ነገር እናልፈዋለን። ሰናይት ግን እናቷ እዚሁ መንገድ ላይ ባለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተኝታለች። ስለዚህ እዚያ ስትደርስ እርምጃዋ ቀዘቀዘ፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ እንደገና አስተካከለች፣ የያዘችውን ፌስታል ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ሙሉ ፖስት ሰጠሁት፣ ሲያንሰው እንጂ አይበዛበትም።

ጓደኛዬ ቀን ሥራ ስለሚውል የሚመልሰው ማታ ነው። ሰዓታት አልፈው ሲከፍተው ወደ ላይ ተመልሶ ማንበብ እንዳይኖርበት የመጨረሻው መስመር ላይ ማን የት እንደቆመ ግልጽ አደርጋለሁ። ጊዜ መዝለል ከፈለግኩ ደግሞ ዝም ብዬ አልዘልም። ከታሪኩ ውጪ መሆኑ እንዲታወቅ በድርብ ቅንፍ ((ወደ ማታ እንለፍ?)) ብዬ እጠይቀዋለሁ፣ እሺ ሲለኝ ነው የምቀጥለው።