ከጓያው ጀመርን

ተማሪዎችን ለምርምር ማዘጋጀት በጀመርኩበት የመጀመሪያ ዓመት ጥፋቴ ከጫፉ መጀመሬ ነበር። የአንጎል ሳይንስ ተመራማሪ መሆን እንፈልጋለን ብለው የመጡትን የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂና የሳይኮሎጂ ተማሪዎች ሰብስቤ፣ ሲቪ እንዴት እንደሚጻፍና ስኮላርሺፕ የት እንደሚፈለግ ሁለት ወር አስተማርኳቸው። ሲቪያቸው አማረ። «ስለ አንጎል ምን ማወቅ ትፈልጋላችሁ?» ስላቸው ግን የሸመደዱትን ከመድገም በቀር የራሱ ጥያቄ ያለው አልነበረም።

መንገዱን ያሳየችኝ የፎገራ ልጅ ናት። አንድ ቅዳሜ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ተቀምጠን ስለ እንቅስቃሴ ነርቮች ሳስረዳ፣ «መምህር፣ አያቴን ጓያ ሰብሯቸው በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። እጃቸው ግን ደኅና ነው፤ ቀኑን ሙሉ ገመድ ሲገምዱ ይውላሉ። እግራቸውን ብቻ ለምን?» አለችኝ። በቂ መልስ አልነበረኝም፤ ይህንኑ ነገርኳት።

ከዚያ ወዲያ ሴሚስተሩ የጓያ ሆነ። ጓያ ድርቅ የሚችል ጥራጥሬ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ጥቁር አፈሩ በያዘው እርጥበት ይበቅላል። ሌላው ሰብል ሲከዳ እሱ ይቀራል፤ የሚጎዳውም ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው። ውስጡ ያለው ቤታ-ኦዳፕ የሚባል መርዛማ ንጥረ ነገር፣ የነርቭ ሴሎች የሚነጋገሩበትን ግሉታሜትን ስለሚመስል ሴሎቹን ከልክ በላይ ቀስቅሶ ይጎዳል። ከአንጎል ትእዛዝ የሚያወርዱት ነርቮች ሲጎዱ እግር ይገተራል፤ ጉዳቱም አይመለስም። ወደ እግር የሚወርዱት ረጃጅሞቹ ለምን እንደሚብሱ ሳይንሱ ገና አልጨረሰውም። የልጅቷ ጥያቄ የተመራማሪዎችም ጥያቄ መሆኑን ሲያዩ ክፍሉ ሌላ ሆነ።

የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደምቢያና በፎገራ ስለዚሁ በሽታ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል። አምስት ሳምንት እሱን ብቻ አነበብን። ሰዉን እንዴት መረጡ? በሽታውን በምን ለዩ? ጓያ የበላ ሁሉ ለምን አልታመመም? ሃያ ጽሑፍ ከማስቃኘት ዛሬም ይህን እመርጣለሁ።

ሁለት ልጆች ፎገራ ወርደው ሕሙማንን ለጥናት ቃለ መጠይቅ ሊያደርጉላቸው ተነሡ። ከለከልኳቸው፤ ያለ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አይሆንም። አኮረፉ። ማመልከቻውን ራሳቸው እንዲያዘጋጁ ሳደርግ፣ ከሁሉ የከበዳቸው የስምምነት ቅጹ ሆነ። «ተሳትፎዎ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ አንድ አርሶ አደር «እምቢ ብል ሕክምናዬ ይቀርብኛል ወይ?» ብሎ እንዳይሰጋ አድርጎ መጻፍ ግን ሙያ ይጠይቃል። አምስት ጊዜ መለስኩላቸው። ስድስተኛውን ያቃናችው የፎገራዋ ልጅ ናት፤ ለእናቷ እያነበበች፣ እናቷ ያልገባቸውን ዐረፍተ ነገር ሁሉ ሰርዛ።

የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመዘግብ የኢኢጂ መሣሪያ አልነበረንም። ኦፕንኒውሮ በሚባል ድረ ገጽ ላይ ተመራማሪዎች በነጻ ያስቀመጡትን መረጃ ሌሊት እያወረድን በፍላሽ ተካፈልን፤ ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ኮድ መጻፊያ ቋንቋም በዚያው ተማሩ። ሰው ዓይኑን ሲከድን ጎልቶ የሚታየውን፣ ከ8 እስከ 12 ኸርዝ ያለውን የአልፋ ሞገድ በራሳቸው ኮድ ሲያወጡት የነበረውን ደስታ አልረሳውም።

ሌላው የተማርኩት ማስታወሻ መያዝን ነው። እያንዳንዱ ልጅ ምን እንደጠየቀ፣ የት እንደተሳሳተ፣ እንዴት እንዳረመው በየቅዳሜው እጽፋለሁ። ዘንድሮ የፎገራዋ ልጅ ለማስተርስ ስታመለክት የድጋፍ ደብዳቤ ጠየቀችኝ። «ጎበዝ ናት» የሚል ቃል አላስገባሁም፤ የስድስቱን ረቂቆች ታሪክ ጻፍኩላት።