ኤንኬ ሴል፣ በ10ሩ 2 ቦነስ

ሰኞ ደሴ ገበያ ነው። ከየወረዳው የወጣ ሰው ፋርማሲ ይሞላል። ሪፖች፣ የመድኃኒት ኩባንያ ሻጮቹ፣ ደግሞ ያንኑ ሰዓት ይመርጣሉ፤ ለምን እንደሆነ እነሱ ይወቁት።

«ዶክተር፣ አዲስ ነገር ይዤልህ መጣሁ» አለና አንዱ ሪፕ ብሮሸሩን ካውንተሩ ላይ ዘረጋው። ክብ ክብ ሴሎች አንድ ዕጢ ከበዋል። ከሥሩ በወርቅማ ቀለም «የኤንኬ ሴልዎን ያብዙ» ይላል። ናቹራል ኪለር የሚባሉት የሰውነት ተከላካይ ሴሎች ናቸው። ካፕሱሉ በ10 ካርቶን 2 ቦነስ አለው። ዋጋው ግን የትም አልተጻፈም። ዋጋ የሌለው ብሮሸር ምን ማለት እንደሆነ ፋርማሲ የሠራ ያውቃል።

አንድ ሐጂ ኢንሱሊናቸውን ሊወስዱ መጥተው ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው በጡት ካንሰር ምክንያት ለኬሞ አዲስ አበባ ይመላለሳሉ። ሪፑ ይህን አያውቅም። «ካንሰር» ሲል ግን ሐጂ ከዘራቸውን ይዘው ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ እነዚህ ነገሮች ደማችን ውስጥ አሉ ነው የምትለኝ?»

«አሉ ሐጂ፣ ሁላችንም ጋ አሉ።»

«ካንሰር ይገድላሉ?»

«በደንብ ነዋ!»

«ታዲያ ዕጢው ሲያብጥ የት ነበሩ?»

ሪፑ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ካምፓስ እያለን ኢሚዩኖሎጂ ያስተማረን ሰው እንኳ እንዲህ አድርጎ ጠይቆን አያውቅም። ሪፑም ብልጥ ነው፤ «ዶክተር ያስረዱዎታል» ብሎ ወደ እኔ ገፋው።

አስረዳኋቸው። ሴሎቹ ከታወቁ ቆይተዋል፤ በፈረንጅ 1975 ነው። ደም ውስጥ ካሉት፣ ሊምፎሳይት ከሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ከ5 እስከ 15 በመቶ ያህሉ እነሱ ናቸው። እየዞሩ የሌላውን ሴል ገጽ ይዳስሳሉ። ጤነኛ ሴል ገጹ ላይ «የቤት ልጅ ነኝ» የሚል ምልክት አለው። የካንሰር ሴል አንዳንዴ ከሌሎቹ ተከላካዮች፣ ከቲ ሴሎች፣ ለመደበቅ ሲል ያንን ምልክት ይጥላል። ኤንኬ ደግሞ የሚጠረጥረው ምልክት የሌለውን ነው። ይጠጋል፣ ፐርፎሪን በሚባል ፕሮቲን ይበሳዋል፣ በቀዳዳው ግራንዛይም የሚባል ኢንዛይም ይልክበታል። ሴሉ ከዚያ በኋላ ራሱን በራሱ ያፈርሳል።

«እንደ ኬላ በለኛ!» አሉ ሐጂ። «መታወቂያ የሌለውን ይይዛሉ።»

ልክ ነበሩ። ሪፑ እስክሪብቶ አውጥቶ ጻፋት። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

«ጥያቄዎትን ግን ገና አልመለስኩም» አልኳቸው። ደም ውስጥ መኖርና ዕጢ ውስጥ መግባት ለየቅል ነው። ከደም ሥር ወጥቶ ወደ ዕጢው ለመሄድ የሚጠራ ኬሚካል ያስፈልጋል። እንደ ጡት ባለ ጠጣር ዕጢ ላይ ጥሪው ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። ከመጡትም ብዙዎቹ ዙሪያው ባለው ሥጋ ላይ ተይዘው ይቀራሉ። የገባውም ቢሆን ኦክስጅን ያጥረዋል፣ አሲዱ ይበዛበታል፣ ዕጢው የሚረጨው ቲጂኤፍ ቤታ የሚባል ነገር ያፈዘዋል። ይባስ ብሎ አንዳንዱ ዕጢ ኤንኬ የሚለይበትን ፕሮቲን ከገጹ ላይ እየቆረጠ ወደ ደም ይለቀዋል፤ ሴሉ በዚያ ይወናበዳል። ታዲያ ቁጥሩን ቢያበዙት በሩ ላይ የሚቆመው ይበዛል እንጂ ምን ይፈይዳል?

በፈረንጅ 2020 ሂዩስተን ላይ ከእትብት ደም የወሰዱትን ኤንኬ ጂኑን አስተካክለው ለ11 ሰዎች ሰጥተው 8ቱ ላይ ለውጥ አይተዋል። እሱም ቢሆን የሊምፎማና የደም ካንሰር ነበር። የተሰጠውም በደም ሥር ነው። ካፕሱል አልነበረም። ለጡት ካንሰርም ቢሆን ኸር-ቱ የሚባል ፕሮቲን ዕጢያቸው ላይ ለተገኘባቸው ሴቶች የሚሰጠው ትራስቱዙማብ አለ። መድኃኒቱ ዕጢው ላይ ሲለጠፍ ኤንኬ ሴል ጭራውን ይዞ ይተኩሳል፤ ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። ያ ግን ሐኪም መርምሮ የሚያዘው ነው።

ሐጂ ወደ ሪፑ ዞሩ። «ያንተ ካፕሱል መግቢያውን ይከፍታል?»

«ሐጂ፣ ዋናው ብዛት ነው።»

«አብሽር» አሉት። ኢንሱሊናቸውን ይዘው፣ እኔን መርቀው ወጡ። ሪፑም «ዶክተር ያስብበታል» ብሎ ብሮሸሩን ሰበሰበ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ያን ቀን ምሳ እንኳ ጣፈጠኝ።

ቀናት አለፉ። አብሮኝ ቡና የሚጠጣ ጎረቤቴ ፋርማሲ አለው። በደጁ ሳልፍ ያ ካርቶን መስታወቱ ውስጥ ተደርድሯል። ገባሁ።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«አንተው አይደለህ ያመሰገንከው? ሪፑ ነገረኝ። ሴሎቹ እንደ ኬላ መታወቂያ የሌለውን እንደሚይዙ ግማሽ ሰዓት አስረድተሃል አሉ።»

«ያስረዳሁትማ ዕጢው ውስጥ እንደማይገቡ ነው!»

«ቆይ፣ ሴሎቹ የሉም?»

«አሉ።»

«አይገድሉም?»

«ይገድላሉ፣ ግን...»

«ታዲያ ምን ዋሸ?»

ሁለት ሰው ተሰልፏል። ከመጀመሪያው ጀመርኩለት፤ ምልክቱን፣ ፐርፎሪኑን፣ ግራንዛይሙን። «ግን» የምትለዋ ጋ ልደርስ ስል ከፊት የቆመችው ሴትዮ ቦርሳዋን ከፈተች።

«ኬላ የሚባለው እሱ ነው? ሁለት ስጠኝ።»